ስትሪፑ በየቀኑ ሁለት መስመር ያወጣል፤ እንቁላሉስ የት አለ?

ከተማ_ዳር · ጥር 19

ሰላም እህቶች። እዚህ ገብቼ ማንበብ ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጽፌ ግን አላውቅም።

29 ዓመቴ ነው። ከተጋባን ሁለት ዓመት ከአራት ወር። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ፔሬዴ ከድሮም እንደፈለገው ነው የሚመጣው። ሲለው በ40 ቀን፣ ሲለው በ70። ባለፈው ዓመት አራት ወር ሙሉ ሲቀር አረገዝኩ ብዬ ነበር። ለእናቴ ልነግራት ስልኩን ባነሳሁበት ቀን መጣ።

ኅዳር ላይ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ደም ሰጠሁ፣ አልትራሳውንድ ታየሁ። ሐኪሙ ስክሪኑን ወደኔ አዞረው። ኦቫሪዬ (እንቁላል የሚወጣበት ማለት ነው) ዳር ዳሩን ጥቁር ጥቁር ፍሬ ተደርድሮበታል፤ ልክ የእማሆይ መቁጠሪያ። «ፒሲኦኤስ ይባላል፣ ሆርሞን ተዛብቶ እንቁላል በጊዜው አይወጣም» አለኝ። ሌትሮዞል የሚባል ኪኒን ጻፈልኝ። ውጭ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ስለነበር አፍሬ ምንም ሳልጠይቅ ወጣሁ። አገጬ ላይ የሚበቅለው ፀጉር የዚሁ ጣጣ መሆኑን እንኳ ያወቅኩት ቤት ገብቼ ሳነብ ነው። እኔ እኮ የአክስቴ ዘር ነው እያልኩ ስንት ዓመት ከወረንጦ ጋር ስታገል ኖርኩ።

ኪኒኑ እስካሁን መሳቢያ ውስጥ ነው። ባለቤቴ በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብቦ «ይሄ የጡት ካንሰር መድሃኒት ነው፣ እንዳትነኪው» አለ። በሱ ፈንታ የኦቩሌሽን ስትሪፕ ገዛሁ፣ እንቁላል የሚወጣበትን ቀን ያሳያል የሚባለውን ወረቀት፣ 50 ፍሬ። በየጠዋቱ ሽንቴ ውስጥ እነክራለሁ። በየጠዋቱ ሁለት መስመር! ዘጠኝ ቀን በተከታታይ። እኛም ስትሪፑን አምነን ዘጠኝ ቀን… እሱ መርካቶ ውሎ የሚገባው ማታ 3 ሰዓት ነው። በዘጠነኛው ቀን «ይሄ ወረቀት ግን በዓል እንኳ የለውም?» አለኝ። ሳቅን። ከዚያ እኔ አለቀስኩ።

አማቴ ለጥምቀት ከፍቼ ከተማ መጥተው ነበር። ክፉ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። አብሽና ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሰው አመጡልኝ። ግን ቡና ስቀዳ ዓይናቸው ሆዴ ላይ ነው።

ስትሪፑ ለምን እንዲህ ይሆናል? ኪኒኑን ልዋጠው? ባሌንስ እንዴት ላስመርምረው? «ችግሩ ያንቺ መሆኑ ታወቀ አይደል፣ እኔን ምን ያደርጉኛል?» ነው መልሱ።


የአያቷ · ጥር 19

አይዞሽ የኔ እህት። ስትሪፑን ጣይው። እኔ ሁለት ፓኬት ጨርሼበታለሁ። ጠዋት ሁለት መስመር፣ ማታ ሁለት መስመር። መጨረሻ ላይ ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ ደርድሬ ለጥፌ የትኛው ደመቀ እያልኩ በስልክ መብራት ሳወዳድር ባሌ ያዘኝ። «ምርጫ ቦርድ ገባሽ እንዴ?» አለ።


ሲስተር_ነኝ · ጥር 20

ነርስ ነኝ። ማህፀንና ጽንስ ክፍል ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ያየሽን ሐኪም አልተካም፤ ግን በር ላይ ባለው ሰልፍ ምክንያት ያልተነገረሽን ልንገርሽ።

ከስትሪፑ እንጀምር። ስትሪፑ እንቁላል አይለካም። የሚለካው ኤልኤች የሚባል ሆርሞን ነው። ኤልኤች ብዙውን ጊዜ ዝቅ ብሎ ይቆይና እንቁላል ሊወጣ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ተኩል ሲቀረው ድንገት ሽቅብ ይወጣል። ስትሪፑ የሚጠብቀው ያንን ነው። ፒሲኦኤስ ካለባቸው ሴቶች የብዙዎቹ ኤልኤች ግን ድሮውንም ከፍ ያለ ነው። ጎረቤትሽ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ ሲያስጮህ ዜና የጀመረበትን ሰዓት በጩኸቱ ልታውቂ ትችያለሽ? እንደዚያ ነው። ደግሞም ሁለት መስመር ስለወጣ ብቻ ፖዘቲቭ አይባልም። ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያው እኩል መድመቅ ወይም መብለጥ አለበት። ይህን ሳያዩ ዘጠኝ ቀን የሚለፉ ብዙ ናቸው፣ ብቻሽን አይደለሽም።

ቀጥሎ መቁጠሪያው። (አባባልሽን ወደድኩት፣ ለታካሚዎቼ እጠቀምበታለሁ።) ስሙ ነው ሰውን የሚያስደነግጠው፤ ፖሊሲስቲክ፣ ሲስት (ፈሳሽ የቋጠረ እብጠት) የበዛበት ማለት ነው። እነዚያ ፍሬዎች ግን ሲስት አይደሉም። እንቁላል የያዙ ትንንሽ ከረጢቶች ናቸው፤ ከ2 እስከ 9 ሚሊሜትር የሚሆኑ፣ ማደግ ጀምረው መንገድ ላይ የቆሙ። እንቁላል የለሽም ማለት አይደለም። ሞልቶሻል። የቱሉ ዲምቱን የጠዋት ታክሲ ሰልፍ አስቢው፤ ሰው ሞልቷል፣ ተራ ደርሶት የሚሳፈር ነው የጠፋው።

አልትራሳውንዱ ብቻውንም አይበቃም። ሦስት ነገር ይታያል። የፔሬድ መዛባት፣ የወንድ ሆርሞን መብዛት (በደም ወይም እንዳንቺ አገጭ ላይ)፣ እና ኦቫሪው። ከሦስቱ ሁለቱ ሲኖሩ፣ እሱም ሌላ ምክንያት አለመኖሩ ከተጣራ በኋላ ነው ፒሲኦኤስ የሚባለው። ታይሮይድና ፕሮላክቲን (የጡት ወተት ሆርሞን) ተሠርቶልሻል? ካልተሠራ ጠይቂ፤ ሁለቱም ፔሬድ ያዛባሉ። ስኳርም ይታይልሽ።

አሁን ኪኒኑ። ባለቤትሽ በትክክል ነው ያነበበው። ሌትሮዞል መጀመሪያ የተሠራው ለጡት ካንሰር ነው። ሥራው ኤስትሮጅንን መቀነስ ነው። አንቺ የምትወስጂው ግን ለአምስት ቀን ብቻ ነው። በነዚያ ቀናት አንጎል ኤስትሮጅን አነሰ ብሎ ኤፍኤስኤች የሚባለውን ሆርሞን ይጨምራል። ኤፍኤስኤች ደግሞ ከቆሙት አንዱን እንቁላል ገፋ አድርጎ ያሳድገዋል። አሜሪካ ውስጥ ፒሲኦኤስ ባለባቸው 750 ሴቶች ላይ ተሠርቶ በእነሱ አቆጣጠር በ2014 የወጣ ጥናት አለ። ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶው ወልደዋል፤ የድሮውን ኪኒን ክሎሚፌን ከወሰዱት ደግሞ 19.1 በመቶው። አሁን ለዚህ ችግር ከሁሉም በፊት የሚታዘዘው እሱ ነው። እርግዝና አለመኖሩ ሳይረጋገጥ ግን አይጀመርም። መሳቢያ ውስጥ ስለተገኘ ብቻ እንዳትውጪው። ተመልሰሽ ሂጂና ከስንተኛው ቀን ጀምረሽ እንደምትወስጂ፣ መቼ መቼ አልትራሳውንድ እንደምትታዪ አጽፊ። ፎሊክ አሲድም ከአሁኑ ጀምሪ፣ በቀን 400 ማይክሮግራም።

ባልሽን በተመለከተ አንዲት ነገር ብቻ። እሱ ሳይታይ ኪኒን አትጀምሪ።


ግልጽ_ልናገር · ጥር 20

እንጀራ ቀንሺ፣ ስኳር ተዪ፣ ክብደት ቀንሺ። ሌላው ሁሉ ንግድ ነው።


ከተማ_ዳር · ጥር 20

52 ኪሎ ነኝ። ከየቱ ልቀንስ?


ሲስተር_ነኝ · ጥር 20

ክብደት ለጨመረች ሴት እውነት አለው። 80 ኪሎ የሆነች ከ4 እስከ 8 ኪሎ ብትቀንስ ፔሬዷ ራሱ ሊስተካከል ይችላል። ግን ቀጭን ሆና ፒሲኦኤስ ያለባትም ብዙ ናት። ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጫማ አትሽጥ ወንድሜ።


የሰበታ_ልጅ · ጥር 21

እኔ ከባድ ነበርኩ፣ ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር በሽታ ኪኒን ነው የታዘዘልኝ። እስቲ የደረሰብኝን ላውራችሁ፣ ሌላ ሰው እንዳይደርስበት።

በመጀመሪያው ቀን ባዶ ሆዴን ዋጥኩና ሃይገር ላይ ወጣሁ። መስኮት ጋ ደርሶኝ ደስ ብሎኛል። ዓለም ገና ሳንደርስ ሆዴ መንጎራጎር ጀመረ። መጀመሪያ ረሃብ መሰለኝ። ቀጥሎ እንዳልሆነ ገባኝ። መተላለፊያው ላይ የቆመው ሰው ጢም ብሏል። ረዳቱን «እባክህ ወራጅ» ስለው «እዚህ ፌርማታ የለም» አለ። ፊቴን ሲያይ ግን በሩን ደበደበ። ወርጄ ያየሁትን የመጀመሪያ በር አንኳኳሁ። አንዲት እናት በቆሎ እየፈለፈሉ ነበር። ምንም ሳይጠይቁኝ በጣታቸው ወደ ጓሮ አመለከቱኝ። ስወጣ ውሃ በጣሳ ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። «ስንት ወርሽ ነው?» አሉኝ። እንዴት ብዬ ላስረዳቸው?

ለካ ሜትፎርሚን ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። በ500 ሚሊግራም ከእራት ጋር ተጀምሮ በየሳምንቱ ነው ቀስ እየተባለ የሚጨመረው። ቀስ ብሎ የሚሟሟ ዓይነትም አለ፣ ለሆድ ይሻላል። እኔ ሁለት ዓመት ከርሜ ሜትፎርሚኑና ሌትሮዞሉ ተጨምሮ አረገዝኩ። ልጄ 14 ወሩ ነው። እርግዝናው ላይ ስኳር ወጥቶብኝ ነበርና ስታረግዢ ስኳርሽን ቶሎ አስለኪ። «ስታረግዢ» ነው ያልኩት፣ «ካረገዝሽ» አላልኩም።


እማዋይሽ · ጥር 21

ልጆቼ፣ የኛ ጎረቤት ልጅ እንዲሁ ኦቫሪዋ ላይ ፍሬ ፍሬ አለ ተብላ በኦፕራሲዮን ወጣላትና በዓመቱ መንታ ታቀፈች። ምን በኪኒን ያንከራትታችኋል? ይውጣላችሁ።


ሲስተር_ነኝ · ጥር 21

እማዬ፣ የነገሩን ነገር መሠረት አለው። ይህን ሕመም በእነሱ አቆጣጠር በ1935 የጻፉት ስታይን እና ሌቨንታል የሚባሉ የቺካጎ ሐኪሞች ከኦቫሪው ላይ ቁራጭ ቆርጠው እያወጡ ነበር የሚያክሙት። የአንዳንዶቹ ፔሬድ ተመልሷል፣ ያረገዙም ነበሩ። ግን ቁስሉ ሲድን ጠባሳው የማህፀን ቱቦውን ከኦቫሪው ጋር ሊያጣብቅ ይችላል፣ እሱ ሌላ መካንነት ያመጣል። አሁን ኪኒኑ እምቢ ሲል ብቻ፣ በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ እየታየ የሚሠራ ቀለል ያለ ኦፕራሲዮን አለ። መጀመሪያ የሚኬደው ግን ወደዚያ አይደለም። ፍሬዎቹን ለቅሞ ማውጣት የሚባል ነገርም የለም፤ እንቁላሎቿ ናቸው እኮ።


የኮዬዋ · ጥር 22

ይቅርታ ልግባ። እኔ ሦስት ዓመት ዲፖ (የወሊድ መከላከያ መርፌ) ተወግቼ ካቆምኩ ስድስት ወሬ ነው። ፔሬድ የለም። እኔም ፒሲኦኤስ ይሆን? መርፌው ነው የሚያመጣው እያሉኝ ነው።


ሲስተር_ነኝ · ጥር 22

ዲፖ ፒሲኦኤስ አያመጣም። ግን ከሰውነት ለመውጣት ጊዜ ይፈጃል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ በአማካይ 10 ወር አካባቢ ይወስዳል፣ ከዚያ የሚዘገይባትም አለች። ከመርፌው በፊት ፔሬድሽ በወሩ ይመጣ ከነበረ ብዙም አትጨነቂ። ከሦስት ወር በላይ ለሚቀርባችሁ ሁሉ ግን ልናገር፤ «አልመጣም፣ ተገላገልኩ» ብላችሁ ዓመት አትቀመጡ። የማህፀን ግድግዳ ሳይታጠብ እየወፈረ ሲቆይ ጥሩ አይደለም። ታዩ።


አንድ_ባል · ጥር 23

እዚህ ወንድ ይገባል አይገባም አላውቅም። ሚስቴ ናት ያሳየችኝ።

ለገጣፎ ነው የምኖረው። ሦስት ዓመት ሚስቴን ሐኪም ቤት አመላልሻለሁ። እሷ ትገባለች፣ እኔ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ስልክ እነካካለሁ። ቱቦዋን ቀለም ረጭተው ራጅ አነሷት፣ እንባዋ እየፈሰሰ ወጣች። እኔ «አይዞሽ» እያልኩ ጀርባዋን መታ መታ። ሦስት ዓመት! ከዚያ አንዲት ሐኪም በሩን ከፍታ «አንተስ?» አለችኝ። ሁለት ቃል። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

የኔ የዘር ቁጥር በሚሊሊትር 4 ሚሊዮን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ዝቅተኛ መነሻ ብሎ ያስቀመጠው 16 ሚሊዮን ነው። ሦስት ቀን ሰው አላናገርኩም። የዘር ፍሬ ከረጢቴ ላይ የደም ሥር እብጠት ተገኝቶብኝ ኦፕራሲዮን ሆንኩ፣ ሲጋራዬን አቆምኩ። ዘሩ ተሠርቶ እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ ስለሚፈጅ ከዚያ በፊት ድጋሚ መመርመር ከንቱ ነው ተባልኩ። ሁለተኛው ውጤት 11 ሚሊዮን መጣ። ገና ነን።

እህቴ፣ ባልሽን «ችግር ሊኖርብህ ይችላል» አትበይው። በሩን ይዘጋብሻል። «ኪኒን ልጀምር ነው፣ አልትራሳውንዱ ሦስት ጊዜ ነው፣ ያንተ ሳይታይ ከጀመርን ብሩን ውሃ በላው» በይው። ነጋዴ ከሆነ ይገባዋል።

ከምርመራው በፊት ከሁለት እስከ ሰባት ቀን መታቀብ አለበት። ናሙናው ከቤት የሚመጣ ከሆነ ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት፣ እንዳይበርድም። የእኛ ሰፈር ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። ከለገጣፎ መገናኛ ብቻ አንድ ሰዓት!


ከተማ_ዳር · ጥር 24

የብሩን ነገር ነገርኩት። ዝም አለ። ጠዋት ጫማውን እያሰረ «የት ነው የሚሠራው?» አለኝ። አንድ_ባል፣ ተባረክ ወንድሜ።

ሐኪሙም ጋ ተመለስኩ፤ አሁን ጥያቄዎቼን በወረቀት ጽፌ። ታይሮይዱ ደህና ነው፣ ፕሮላክቲኑም ደህና። ሽንቴ ታይቶ እርግዝና የለም ተባልኩና ፔሬድ የሚያመጣ ኪኒን ታዘዘልኝ። እሱ ሲመጣ በሦስተኛው ቀን ሌትሮዞል እጀምራለሁ፣ 2.5 ሚሊግራም።


የአያቷ · ጥር 24

እልልል! ባልሽን ሳሚልኝ። ማለቴ ከምርመራው በኋላ።


ከተማ_ዳር · የካቲት 4

የባሌን ምርመራ፣ የናሙና ጠርሙሱን ታሪክ ላውራ። ሳልስቅ ልጽፈው አልቻልኩም።

ላብራቶሪው መሃል ከተማ ነው። ለዚሁ የተሰጠ ክፍል አለ ተብሎ ባሌ ገብቶ አየው፣ ተመልሶ ወጣ። በሩ አይቆለፍም። ከበሩ ውጭ ደግሞ አንዲት ሕፃን ልጅ ኳስ ታነጥራለች። «እዚህ አይሆንም» አለ። ቀኝ ኋላ ዞርን።

ከቱሉ ዲምቱ በአንድ ሰዓት? ጠዋት ሰልፉ ብቻ 40 ደቂቃ ነው። ቃሊቲ ላይ የሚዘጋጋውን እግዜር ይወቀው። ኮንትራት ታክሲ እንያዝ አልን፣ እሱም ያው መንገድ ነው የሚሄደው። በመጨረሻ ያገኘነው መላ ሳሪስ እህቱ ቤት ማደር ነበር። «ናፍቃችሁን ነው» ብለን ሄድን። እህቱ ደስ ብሏት ዶሮ ሠራች። ሌሊቱን ሶፋ ላይ እንደ እንግዳ ልጆች ተኛን። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ባሌ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቆለፈ። የእህቱ ልጅ ትምህርት ቤት ሊሄድ ነው፣ «ጋሼ ቶሎ ውጣ፣ ፊቴን ልታጠብ!» እያለ በሩን ይደበድባል። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ «ጋሼ ሆዱን አሞት ነው ማሙሽ» እላለሁ።

ወጣ። ላቡ ፊቱ ላይ ነው። ጠርሙሷን በካልሲ ጠቅልሎ ጃኬቱ ውስጥ፣ ብብቱ ሥር አደረጋት። ታክሲ ውስጥ ክንዱን እንደተሰበረ ሰው አጣብቆ ተቀመጠ። ከጎኑ ያሉት አባት «አይዞህ ልጄ፣ ወጌሻ አግኝተሃል?» አሉት። «ወደዚያው ነው» አላቸው! ባሌ እንዲህ ሲቀልድ ከሰርጋችን ወዲህ አላየሁም። 22 ደቂቃ ፈጀብን። ተቀባይዋ ሰዓቱን ጽፋ «ጎበዝ» አለችው።

ውጤቱ ትናንት መጣ። ደህና ነው። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ከዚያ አውጥቶ እንደገና አነበበው። ማታ ላይ ግን ዝም ብሎ ቆይቶ «ደህና ባይሆንስ ኖሮ… አንቺ ይሄን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ነበር የሚሰማሽ?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም።

ፔሬዴም ትናንት የካቲት 3 መጣ። ነገ ሌትሮዞል እጀምራለሁ።


የሰበታ_ልጅ · የካቲት 4

«ወደዚያው ነው» 😂😂 ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው አየኝ።


ከተማ_ዳር · የካቲት 17

ሌትሮዞሉ ትንሽ ራስ ምታትና ሙቀት ሙቀት አለው፣ ሌላ ምንም። በ12ኛው ቀን አልትራሳውንድ ታየሁ፣ በግራ በኩል አንዱ 13 ሚሊሜትር። ዛሬ 15ኛው ቀኔ ነው፣ 18 ደርሷል! ሐኪሙ በጣቱ ሲያሳየኝ ያ ሁሉ መቁጠሪያ መሃል አንዱ ፍሬ ብቻውን ነግሦ ይታያል። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ቀን እየዘለላችሁ ሞክሩ ተባልን። ስትሪፕ አያስፈልግም።

ችግሬ ፈቃድ ነው። አቃቂ አንድ መጋዘን ሂሳብ ክፍል ነው የምሠራው። ከዚህ ተነስቼ ከተማ ገብቼ ተራ ጠብቄ ስመለስ ቀኑ አለቀ። ለአለቃዬ ጥርሴን ነው እያልኩ ነው። ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቀው «ስንት ጥርስ ነው ያለሽ?» አለኝ። የምትሠሩ እንዴት ነው የምታደርጉት? የዳር ሰፈር ሰው ሕክምናውን አይደለም የሚፈራው፣ መንገዱን ነው።


የአያቷ · የካቲት 17

እኔ ለሴት አለቃዬ እውነቱን ነገርኳት። ለካ እሷም አምስት ዓመት ለፍታበታለች። አሁን «ዛሬ ስንት ሚሊሜትር?» ብላ የምትጠይቀኝ እሷ ናት። ወንድ አለቃ ከሆነ ግን ጥርስሽን ቀጥይ።

ጾሙም ዛሬ ገባ አይደል፣ በርቺ። እኔ እንጦጦ ወጥቼ ጸበሉን እጠጣለሁ፣ ኪኒኔንም እውጣለሁ። አንዱ ሌላውን ተው አላለኝም።


የቡራዩዋ · የካቲት 20

እህቶች፣ ረመዳን ሊገባ ነው። ሜትፎርሚን በቀን ሁለቴ ነው የምወስደው። ልጹም?


ሲስተር_ነኝ · የካቲት 20

ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከመጠን በታች የማውረድ ዕድሉ ትንሽ ነው። ብዙ ጊዜ አንዱ ለኢፍጣር፣ አንዱ ለሱሁር ይደረጋል። ግን ሐኪምሽ ያንቺን መጠን አይቶ ይወስን፤ ሳይገባ ነገውኑ ደውዪ። ረመዳን ሙባረክ።

ከተማ_ዳር፣ የፕሮጄስትሮን (እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚጨምረው ሆርሞን) ምርመራ ካዘዙልሽ «የ21ኛው ቀን» የሚለውን ስም አትመኚው። እሱ ፔሬዷ በየ28 ቀኑ ለሚመጣ ሴት ነው። እንቁላሉ ከወጣ ከሰባት ቀን በኋላ ነው የሚለካው። ያንቺ በ17ኛው ቀን አካባቢ ከወጣ 24ኛው ቀን ላይ ሂጂ።


ከተማ_ዳር · የካቲት 28

በነገርሽኝ ቀን ሄድኩ። ፕሮጄስትሮን 12.6 ይላል። ይህ ምን ማለት ነው?


ሲስተር_ነኝ · የካቲት 28

በናኖግራም ከሆነ ከ3 በላይ እንቁላል መውጣቱን ያሳያል። ወጥቷል! እርግዝና ነው ማለት አይደለም፤ እሱን ቀኑ ይናገራል። ቶሎ ቶሎ እየተመረመርሽ ራስሽን አታቃጥዪ።


ከተማ_ዳር · መጋቢት 5

ትናንት ጠዋት መጣ። ፔሬዴ።

ቢሮ ሽንት ቤት ውስጥ ነበርኩ። ትንሽ አለቀስኩ። ፊቴን ታጥቤ ዴስኬ ላይ ተቀመጥኩና ካላንደሩን አወጣሁ። አንድ ሁለት ብዬ በእስክሪቢቶ ቆጠርኩ። 32ኛው ቀን። ደግሜ ቆጠርኩ። 29 ዓመት ኖሬ ፔሬዴ ይመጣል በተባለበት ሳምንት ሲመጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በ13 ዓመቴ ከጀመረኝ ወዲህ ማለቴ ነው።

ማታ ለባሌ ስነግረው «ታዲያ እንዘን ወይስ ደስ ይበለን?» አለ። እኔም አላወቅኩትም። ሽሮውን አቅርቤ በላን። አማቴ ደወሉ፣ ስልኩን እሱ አነሳው። «እማዬ፣ ሁለታችንም ሕክምና ላይ ነን» አላቸው። ሁለታችንም አለ። ከወዲያ በኩል ትንሽ ዝም አሉና «አብሹ አለቀ ወይ?» ብለው ጠየቁ።

እንቁላሉ ስለወጣ መጠኑ አይጨመርም፣ በዚያው በ2.5 ሁለተኛውን ዙር እጀምራለሁ ተብሏል። ነገ ሦስተኛው ቀኔ ነው። አለቃዬን ዛሬውኑ ፈቃድ ጠየቅኩት። «የታችኛው ነው የላይኛው?» አለኝ።


አንድ_ባል · መጋቢት 5

ባልሽን ሰላም በይልኝ። ለገጣፎ ከመጣ ቡና እኔ ጋ ነው።


የኮዬዋ · መጋቢት 6

አይዞሽ እህቴ። እኔ ትናንትና ፔሬዴ መጣ! ከዲፖ በኋላ የመጀመሪያው። የተረፈሽ ስትሪፕ ካለ እኔ ልግዛሽ? ለኔ ሊሠራልኝ ይችላል መሰለኝ።


ከተማ_ዳር · መጋቢት 6

34 ፍሬ ተርፎኛል። አትገዢም፣ ነይ ውሰጂው። ከኮዬ እዚህ ቅርብ ነሽ። ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ቡና አፈላለሁ። ሁለተኛው መስመር መድመቁን ማየት እንዳትረሺ።